የቤተ ሰብ መታጠቢያ ቤት አሠራርና የውሃ ማኖሪያው በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሞክረው ከመኖሪያ ቤት ክፍሎች ሁሉ አነስተኛ ስለ ሆነው ስለ መታጠቢያ ቤት ነው። ጉዳዩ ለጥናት መጽሔት አይበቃም የሚል አንባቢ አይታጣም፤ ነገር ግን በቤቱ ውስጥ ውሃ የሚሸከመው ማን ነው፣ እግራቸው የደከመ አያት በሌሊት ወዴት ይሄዳሉ፣ ሕፃኑስ ከምን ይጠበቃል የሚሉት ጥያቄዎች የሚወሰኑት በዚህች ጠባብ ክፍል ነው። በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሰሚትና በአያት በወዳጆቻችን ቤት እየተዘዋወርን ካየነው የተረዳነው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በከተማችን የመታጠቢያ ቤት ፕላን መነሣት ያለበት ቧንቧው ከሚፈስበት ቀን ሳይሆን ከማይፈስበት ቀን መሆኑን ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ሰው ገላውን የሚታጠበው ወደ ፍል ውሃ ወርዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ከተማዋ እየሰፋች በሄደች መጠን ውሃው ከሩቅ የሚመጣ ሆነ፤ በምዕራብ ከገፈርሳ፣ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በምሥራቅ በኩል ከለገዳዲ፣ በኋላም ከድሬ ግድብና ከአቃቂ ጥልቅ ጕድጓዶች ይቀዳ ጀመር። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በ1950ዎቹ ከተሠራ ወዲህ አካባቢው የቪላ ሰፈር ሆነ፤ በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ሥራ በገርጂ ለሙከራ ተጀምሮ ወደ ሰሚትና ወደ አያት ተስፋፋ። ሰፈሩ ከውሃው ይልቅ ፈጥኖ አደገና ብዙው ቤተ ሰብ ዛሬ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው።

የቪላዎቹ ፕላን ግን ውሃ ዘወትር እንደሚፈስ አድርጎ የተነደፈ ነው። ለዚህም ዋናው ምስክር ባኞው ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ70፣ ወርዱ 70 ሳንቲ ሜትር የሆነው ገንዳ የክፍሉን ግማሽ ይዞ ይቀመጣል፤ ሰው ግን ተጋድሞ ሲታጠብበት እምብዛም አላየንም። ያየነው እስከ አፉ በውሃ ተሞልቶ፣ ጣሳ በላዩ ተንሳፎ፣ የቤተ ሰቡ ማጠራቀሚያ ሆኖ ነው! ብልሃቱ የሚያስመሰግን ቢሆንም ማጠራቀሚያነቱ መልካም አይደለም። ክዳን የለውም፤ መድፈኛው ጥቂት ከላላ ውሃው ሌሊቱን ሾልኮ ያድራል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ገና መራመድ የጀመረ ሕፃን ቢወድቅበት ሊሰምጥ መቻሉ ነው። ሒሳቡም ቢሆን አያዋጣም። ገንዳው የሚይዘው ቢበዛ ወደ 200 ሊትር ነው፤ ወርዱ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ ክብ ታንከር ግን ከወለሉ ግማሽ ያህሉን እንኳ ሳይወስድ 460 ሊትር ገደማ ይይዛል። ስለዚህ አዲስ ቤት የሚያሠራ ሰው ባኞውን ትቶ በቦታው ወለሉ ዘቅዘቅ ያለ የቁም መታጠቢያና ክዳን ያለው ታንከር ቢያኖር እንመርጣለን።

የሚያስፈልገው ውሃ ምን ያህል ነው? ስድስት ነፍስ ያለበትን ቤት እንውሰድ። ለአንድ ሰው ገላ 15 ሊትር፣ ለሽንት ቤት በቀን አራት ጊዜ ስድስት ስድስት ሊትር፣ ለፊትና ለእጅ አምስት ሊትር ብንል በጠቅላላው በቀን 264 ሊትር ይሆናል። ውሃው ሦስት ቀን ቢጠፋ ወደ 800 ሊትር ማለት ነው፤ ይህም ወጥ ቤቱንና የልብስ አጠባውን ሳይጨምር ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢሆን 40 ጊዜ መመላለስ ነው። የሚመላለሰው ማን እንደ ሆነ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሠራተኛዋ ናት፣ እርሷ ከሌለች የቤቱ ሴት ልጅ ናት። ከሒሳቡ እንደሚታየው ከግማሽ የሚበልጠውን የሚወስደው ሽንት ቤቱ ስለ ሆነ፣ የልብስ እጣቢ የሚጠራቀምበት ባልዲ ከመቀመጫው አጠገብ ቦታ ሊመደብለት ይገባል። ፕላን ነዳፊዎች ለዚህ ባልዲ ቦታ ሲተዉለት አላየንም።

ታንከሩን ከፍ አድርጎ መስቀል ሸክሙን ያስቀራል፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮች ይታሰቡ። አንደኛ፣ አንድ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ሺህ ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ ማቆሚያው ለብቻው የተሠራ መሆን አለበት፤ በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ትልቅ ታንከር ማኖር በታች ባሉት ጎረቤቶች ነፍስ መጫወት ነው። በፎቅ ቤት ከአንድ ትልቅ ይልቅ ከግድግዳው ሥር የተደረደሩ ትንንሽ ዕቃዎች ይሻላሉ። ሁለተኛ፣ የውሃ ግፊት የሚገኘው ከከፍታ ነው፤ አሥር ሜትር ከፍታ የሚሰጠው አንድ ባር ያህል ስለ ሆነ፣ ከሻወሩ ሁለት ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ታንከር የሚሰጠው አንድ አምስተኛውን ነው። በግፊት የሚበሩት የሻወር ማሞቂያዎች በዚህ ግፊት አልበራም የሚሉት ስለዚህ ነው፤ ሰው ግን ዕቃው ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። ውሃ አጠራቅሞ የሚያሞቀው ቦይለር በዝቅተኛ ግፊትም ይሠራል። ሆኖም ባለ 80 ሊትሩ ሲሞላ ከነዕቃው ወደ መቶ ኪሎ ስለሚጠጋ፣ ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት ላይ ሳይሆን በኮንክሪት አምድ ላይ ይታሰር።

ስለ አቀማመጡ ብዙ አንልም። መታጠቢያ ቤቱና ወጥ ቤቱ አንድ ግድግዳ ቢጋሩ ቧንቧው ያጥራል። በሩ ወደ ሳሎን ባይከፈት ለእንግዳም ለባለቤትም ክብር ነው። እኛ በእጃችን የምንበላ ሕዝብ ስለ ሆንን የእጅ መታጠቢያው ከሽንት ቤቱ ወጥቶ በመተላለፊያው ላይ ቢሆን፣ እንግዳ ሲበዛ የማስታጠቢያው ሥርዓት ሳይታወክ ይፈጸማል፤ ጧትም አንዱ ገላውን ሲታጠብ ሌላው ደጅ አይቆምም። ለአረጋውያን ከመቀመጫው አጠገብ በግድግዳው ላይ የብረት መያዣ ይተከልላቸው። በግቢው ጥግ ለሠራተኞች የሚሠራው ሽንት ቤት ብዙ ጊዜ መብራትም ውሃም የለውም፤ ከዋናው ታንከር አንድ ቀጭን ቧንቧ መሳብ ግን ወጪው ትንሽ ነው።

ዕቃ ማኖሪያውን በሚመለከት፣ በረኪና ሕፃን በማይደርስበት ከፍታ፣ አሲድ ካለባቸው ማጽጃዎችም ተለይቶ ይቀመጥ፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል። መድኃኒት እርጥበት ስለሚያበላሸው ቦታው መኝታ ቤት ነው። ፎጣም በክረምት በዚያ ክፍል አይደርቅምና መስኮቱ የሚከፈት መሆን አለበት።

የመጨረሻው ነገር ፍሳሹ ነው። ከወለሉ መውረጃ በታች ያለው ሲፎን ሽታን የሚያግደው በውስጡ በሚቀረው ጥቂት ውሃ ነው፤ ብዙ ቀን ውሃ ካላገኘ ይደርቅና ሽታው ወደ ቤት ይገባል። ስለዚህ ውሃ በጠፋበት ሳምንት እንኳ አንድ ጣሳ ይፍሰስበት። ብዙው የከተማችን ቤት የፍሳሽ መሥመር ስለሌለው ፍሳሹ በግቢ ውስጥ ወደሚገኝ ሴፕቲክ ታንክ ይወርዳል፤ የመሬት ውስጥ የውሃ ማጠራቀሚያ ያለው ሰው ማጠራቀሚያውን ከዚህ አርቆ፣ ከፍታ ባለው በኩል ይቈፍር። ታንኩ ሲሞላ መጣጩ መኪና ይጠራል፤ ቱቦው እንዲደርስም ክዳኑ ወደ በሩ የቀረበና የሚታይ መሆን አለበት። ግቢው አምሮ ሲነጠፍ ክዳኑ ከንጣፉ በታች ተቀብሮ፣ መኪናው ደጅ ቆሞ ቦታው በዶማ ሲፈለግ ያየንበት ቤት አለ።