የነዋሪ አማካሪ ሥራ በተማሪዎች መኖሪያ ቤት

ትምህርት ቤታችንን ለመጎብኘት በመጣሁ ጊዜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከበው «አሜሪካ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «ለከፍተኛ ዲግሪ እማራለሁ፤ ሥራዬ ግን ከታናናሽ ተማሪዎች ጋር በመኖሪያ ቤታቸው አብሬ መኖር ነው» ብዬ ብመልስላቸው ሁሉም ሳቁ። ከመካከላቸው አንዱ «መኖር ደግሞ እንዴት ሥራ ይሆናል?» አለ። የመጽሔቱ አዘጋጆች ይህንኑ ጥያቄ በጽሑፍ እንድመልስ ስለ ጠየቁኝ፥ የማውቀውን ያህል ለመግለጽ እሞክራለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነዋሪ አማካሪ ማን ነው?

በአሜሪካ በብዙ ዩኒቨርስቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች፥ በተለይም አዲስ የገቡት፥ በካምፓስ ውስጥ በተሠሩ የጋራ ቤቶች ይኖራሉ። አብዛኞቹ ከ18 እስከ 22 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ናቸው። ከአባትና ከእናታቸው ቤት ከወጡ ገና ጥቂት ጊዜያቸው ስለሆነ፥ አንዳንድ ዩኒቨርስቲዎች በየፎቁ ወይም በየቤቱ አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ አብሯቸው እንዲኖር ያደርጋሉ። ይህ ሰው ነዋሪ አማካሪ ይባላል። ብዙውን ጊዜ የቤት ኪራይ አይከፍልም፤ እንደየዩኒቨርስቲውም ደንብ ምግብ ወይም ጥቂት ገንዘብ ይጨመርለታል። በዚህ ፈንታ ግን በሩን ለተማሪዎቹ ክፍት ማድረግ አለበት።

መምህርና ተማሪ በአንድ ጣራ ሥር የመኖራቸው ልማድ አዲስ አይደለም። በኦክስፎርድ የሚገኘው ሜርተን ኮሌጅ የተመሠረተው በ1264 ነው። ሃርቫርድም ይህን የእንግሊዞች ልማድ በመከተል፥ ኤድዋርድ ሃርክነስ የተባለ ባለጸጋ በሰጠው ገንዘብ፥ በ1930 የመጀመሪያዎቹን ሁለት «ሀውሶች» ከፈተ። በሀውሶቹ አብረው የሚኖሩት አማካሪዎች «ቲውተር» ሲባሉ፥ ከአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ጋር የሚኖሩት ግን «ፕሮክተር» ይባላሉ። በእኛም ሀገር የአብነት ተማሪ በየኔታ አቅራቢያ ጎጆ ቀልሶ ይኖራል፤ ትምህርቱ ከፍ ያለውም ታናሹን ያስቀጽላል። እንግዲህ ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም ማለት ነው።

ሥራው በየዕለቱ ምን ይመስላል?

ሥራው የሚጀምረው ተማሪዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ነው። በነሐሴ ወር ሥልጠና ይሰጠናል። እሳት ቢነሣ ሰውን እንዴት እንደምናስወጣ፥ የታመመ ሰው ሲገኝ ማንን እንደምንጠራ፥ ያዘነ ሰው እንዴት እንደሚደመጥ እንማራለን። ከዚያም በፎቄ የሚኖሩት አርባ ያህል ተማሪዎች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ይመጣሉ። የመጀመሪያ ሥራዬ የእያንዳንዳቸውን ስም ማጥናት ነው። ስሙን የማታውቀው ሰው ቢጠፋ መጥፋቱን አታውቅምና።

በአንድ ክፍል የሚኖሩ ተማሪዎች በመጀመሪያው ሳምንት ስምምነት ይጽፋሉ። መብራት በስንት ሰዓት ይጠፋል? እንግዳ መቼ ይመጣል? ክፍሉን ማን ይጠርጋል? ይህ ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ካየኋቸው ጠቦች ሁሉ የሚበዙት የተነሡት ከእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው። ተረኛ በሆንኩባቸው ሌሊቶች ቁልፉን ክፍል ውስጥ ረስቶ የተዘጋበትን እከፍታለሁ፥ የሚጮኸውን ሙዚቃ አስቀንሳለሁ። በዚያ ሀገር ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ መግዛት ስለማይፈቀድ፥ በዚህም ምክንያት የሚመጣ ጣጣ አለ።

እሑድ ማታ በሬን ከፍቼ ቡና አፈላለሁ። በመጀመሪያው እሑድ ግን ያጋጠመኝን ሳልናገር አላልፍም። እንደ ሀገሬ ደንብ ቡናውን መጥበሻ ላይ ስቆላ፥ ጢሱ የእሳት አደጋ ደወሉን አስጮኸው። የሕንፃው ተማሪዎች በሙሉ በነጠላ ጫማ ወደ ውጭ ወጡ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም መጡ። ከሦስት ቀን በፊት ስለ እሳት ጥንቃቄ ያስተማርኳቸው እኔው ነበርሁ! ከዚያ ወዲህ የተቆላ ቡና ብቻ እገዛለሁ። ይሁን እንጂ በዚያች ሌሊት አርባዎቹም ስሜን ዐወቁ፤ በሚቀጥለውም እሑድ ቤቴ ሞላ።

ከሁሉ የሚከብደው ነገር

ነዋሪ አማካሪ ፖሊስ አይደለም፥ ሐኪምም አይደለም፥ እናትም አይደለም። ከሁሉ የሚከብደውም ይህን ወሰን ማወቅ ነው። ይህን የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው።

በሁለተኛው ዓመቴ አንዲት ተማሪ ሌሊት በሬን አንኳኳች። ገብታ ከተቀመጠች በኋላ «የምነግርሽን ለማንም አልናገርም በይኝ» አለችኝ። እኔም ልቧ እንዲያርፍ ብዬ «አልናገርም» አልኳት። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ትምህርት ክፍል እንዳልገባች፥ እንቅልፍ እንደ ራቃትና መኖር እንዳስጠላት ነገረችኝ። እነዚያን ሦስት እሑዶች ለቡና አልመጣችም ነበር፤ እኔ ግን ለፈተና የምታጠና መስሎኝ አልጠየቅኋትም። በጎን ያለችው ጎረቤቷም በቀን መጋረጃዋ ተዘግቶ ስታይ «የኔ ጉዳይ አይደለም» ብላ ዝም ብላለች።

አሁን ምን ላድርግ? ቃሌን ብጠብቅ ልጅቱ ለብቻዋ ትቀራለች፤ ቃሌን ባፈርስ ያመነችኝ አንዲት ሰው ከዳችኝ ትላለች። ጥቂት ዝም ካልኩ በኋላ፥ «ቃል መግባት ያልነበረብኝን ቃል ገብቻለሁ። ይህን ብቻዬን ልሸከመው አልችልም፤ አንቺም ብቻሽን ልትሸከሚው አይገባም። አብረን እንደውል» አልኳት። እርሷም ተቆጣች፥ አለቀሰች። እኔ ግን ከአጠገቧ ሳልለይ ለተረኛው ኃላፊ ደወልሁ፤ ኃላፊውም ከአማካሪ ሐኪም ጋር አገናኛት። እስኪነጋ ድረስ አብሬያት ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል ሰላምታ ነሣችኝ። ለአንድ ወሰነ ትምህርትም ዕረፍት ወስዳ ወደ ቤተሰቦቿ ሄደች። ስትመለስ በሌላ ሕንፃ ገባች። አንድ ቀን በመንገድ ተገናኘንና፥ «አሁንም ቃልሽን በማፍረስሽ ተቀይሜሻለሁ፤ ነገር ግን ስላፈረስሽው በሕይወት አለሁ» አለችኝ። እኔም ሁለቱንም ነገር እንደ እውነት ተቀበልሁት።

ከዚያ ወዲህ ማንም ምሥጢር ሊነግረኝ ሲመጣ፥ ከመስማቴ በፊት፥ «ምሥጢርህን አላባክንም፤ ነገር ግን የሰው ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከሆነ ለሚረዳን ሰው መንገር ግዴታዬ ነው» እለዋለሁ። ይህን ስናገር የሚመለስ ተማሪ ይኖር ይሆናል ብዬ እፈራ ነበር። እስካሁን ግን አንድም ሰው ተነሥቶ አልሄደም።

ለወላጆች ጥቂት ቃል

በአሜሪካ ያሉ የሀገራችን ሰዎች አልፎ አልፎ ደውለው፥ «እስቲ ልጄ ትምህርቱን በደንብ ይዟል ወይ?» ይሉኛል። ጥያቄው ከፍቅር የመጣ መሆኑን ዐውቃለሁ፤ ነገር ግን መመለስ አልችልም። በ1974 የወጣ የሀገሩ ሕግ፥ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆኑ በስተቀር፥ የአንድን የዩኒቨርስቲ ተማሪ የትምህርት መዝገብ ያለ ተማሪው ፈቃድ ለሌላ ሰው፥ ለወላጅም ቢሆን፥ መግለጽን ይከለክላል። የጤና ወይም የደኅንነት አስጊ አደጋ ሲደርስ ግን ሕጉ ራሱ በር ይከፍታል። ስለዚህ «ልጅዎን ራሱን ይጠይቁት፤ መጀመሪያ ግን ስለ ውጤቱ ሳይሆን በልቶ ተኝቶ እንደሆነ ይጠይቁት» እላቸዋለሁ። ውጤቱን ብቻ የሚጠየቅ ልጅ ውጤቱ ሲበላሽ ስልክ አያነሣም።

ለተማሪዎች

በሀገራችን ዩኒቨርስቲዎችም ፕሮክተር የሚባል ሠራተኛ አለ። ይሁን እንጂ ስሙ አንድ ቢሆንም ሥራው አንድ አይደለም። የእኛው ፕሮክተር በአብዛኛው የሚጠብቀው የሕንፃውን ንብረትና ሥርዓት ነው። ስለዚህ በሚመጣው ዓመት ዩኒቨርስቲ ስትገቡ እንደ እኔ ያለ አማካሪ በፎቃችሁ ላታገኙ ትችላላችሁ። ነገር ግን የነዋሪ አማካሪ ሥራ ዋናው ክፍል ዲግሪም ሹመትም አይጠይቅም። የክፍል ጓደኞቻችሁን ስም እወቁ። ሲስቅ የነበረ ሰው ዝም ሲል፥ ከማዕድ ሲቀር፥ ቀን ሲተኛ ካያችሁ አንኳኩና «ምን ሆነሃል?» በሉት። መልሱ ከዐቅማችሁ በላይ ሲሆን ለመምህር፥ ለሐኪም ወይም ለሚያምነው ታላቅ ሰው ንገሩ። እናንተም ራሳችሁ ቢከፋችሁ አትደብቁ፤ አበው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ።

«መኖር እንዴት ሥራ ይሆናል?» ላለኝ ተማሪ መልሴ እንግዲህ ይህ ነው፤ ጎረቤት ያለው ሰው ታሞ እንደሆነ ለማወቅ ተብሎ የሚኖሩት ኑሮ ሥራ ነው። የአሜሪካ ዩኒቨርስቲ ለዚህ ቤት ይሰጠኛል። የሠፈራችን እናቶች ግን ቡና አፍልተው ጎረቤት ሲጠሩ፥ የቀረችውንም «ምን ሆነች?» ብለው ልጅ ሲልኩ፥ ይህን ሥራ ያለ ደመወዝ ሲሠሩት ኖረዋል።