የመኪና ጣሪያና ነፋስ

ክረምት ሊገባ ሲል ኃይለኛ ነፋስ ይነሣል። የቤት ቆርቆሮም ይነቅላል። ይህን ያላየ ገበሬ የለም። ነፋሱ ቆርቆሮውን የሚነቅለው ግን ከሥር ገብቶ በመግፋት ብቻ አይደለም። ከላይም ይስበዋል። ነፋስ በጣሪያ ላይ በፍጥነት ሲያልፍ ከጣሪያው በላይ ያለው አየር ግፊቱ ይቀንሳል። ቤት ውስጥ ያለው አየር ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ የውስጡ አየር ጣሪያውን ወደ ላይ ያነሣዋል። አንድ ሚስማር ከላላ፣ አንድ ጠርዝ ብድግ ካለ፣ ነፋሱ ከሥርም ይገባል። ከዚያ በኋላ ቆርቆሮውን ፍለጋ ወደ ጎረቤት ማሳ መሄድ ነው።

ታዲያ ይህ ከመኪና ጋር ምን አገናኘው?

መኪና ሲሄድ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ፣ ነፋስ አለ። ነፋሱን የሚያመጣው መኪናው ራሱ ነው። ጸጥ ባለ ቀን ፈረስ የጋለበ ሰው ጋቢው ወደ ኋላ ሲውለበለብ አይቷል። የመኪናም እንደዚያው ነው፤ ብቻ መኪና ከፈረስ ይበልጥ ይፈጥናል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶቡስ በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ርዝመቱም ወርዱም 1 ሜትር የሆነ ሳንቃ በዚህ ፍጥነት ፊት ለፊት ነፋሱን ቢጋፈጥ፣ የሚያርፍበት ግፊት 28 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ዕቃ እንደ ተጫነበት ያህል ነው። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢሆን ግን 7 ኪሎ ገደማ ነው። ልብ በሉ፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ሆነ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። «እስካሁን ምንም አልሆነም እኮ!» ይላል። እስካሁን ምንም ያልሆነው መኪናው ቀስ ብሎ ስለ ሄደ ነው። የተፈጥሮ ነፋስ ከፊት ሲመጣ ደግሞ በመኪናው ፍጥነት ላይ ይደመራል። በጣርማ በር በኩል ወደ ደሴ የተጓዘ ሰው ይህን ያውቀዋል።

በብዙ የረጅም መንገድ አውቶቡሶች ጣሪያ ላይ አንድ ወይም ሁለት መስኮት አለ። ቀና ብላችሁ ብታዩ ታገኙታላችሁ። በክዳኑ ላይ እጀታ አለው። በአጠገቡ «የአደጋ ጊዜ መውጫ» የሚል ጽሑፍ ካለ እስቲ አንብቡት። መኪናው ከውጭ አገር የመጣ ስለሆነ ጽሑፉ በሌላ ቋንቋ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ረዳቱን መጠየቅ ነው።

ይህ መስኮት ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው የታፈነ አየር ማስወጣት ነው። ሁለተኛው ሥራው ይበልጣል። አውቶቡስ ሲገለበጥ አንዳንድ ጊዜ በበሩ በኩል ይተኛል። በሩ መሬት ላይ ሲያርፍ በዚያ መውጣት አይቻልም። የጎን መስኮቶቹም ግማሾቹ ከሥር ናቸው፣ ግማሾቹ እንደ ሰማይ ከላይ ናቸው። የጣሪያው መስኮት ግን አሁን እንደ ግድግዳ በር ሆኗል። ሽማግሌም ሕፃንም በዚያ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ክዳኑ በጉዞ ጊዜ መቆለፊያው የያዘ፣ በክፉ ቀን ግን ቶሎ የሚከፈት መሆን አለበት። ያንኳኳል ብለው በሽቦ ጠፍረው የሚያስሩት አሉ። በላዩ ላይ ጆንያ የሚከምሩም አሉ። ይህ በር አበጅቶ በሩን በድንጋይ እንደ መዝጋት ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ አልጋና ምድጃ ያለው መኪና አለ። ሰዎች ለሽርሽር ይዘውት ይወጣሉ፤ ያድሩበታልም። ጎማ ያለው ቤት ነው ማለት ይቻላል። የዚህ መኪና የጣሪያ መስኮት ብዙውን ጊዜ ከፕላስቲክ የተሠራ ነው። ትንሹ ወርዱም ርዝመቱም 40 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ተለቅ ያለው 70 በ50 ይሆናል። ባለቤቶቹ ማታ ከፍተውት ይተኛሉ። ጠዋት ቡናቸውን ጠጥተው ሳይዘጉት ይነሣሉ። በከተማ ውስጥ ቀስ ብለው ሲሄዱ ምንም አይሆንም። ሰፊው መንገድ ላይ ወጥተው ሲፈጥኑ ግን ነፋሱ በክዳኑ ሥር ይገባና እንደ ጃንጥላ ይገለብጠዋል፤ ከማጠፊያውም ይነቅለዋል። የተነቀለው ክዳን የሚያርፈው ከኋላ በሚመጣው ሰው መንገድ ላይ ነው። ፀሐይ ብዙ ዓመት የመታው ፕላስቲክ ደግሞ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ተዘግቶም ሊሰበር ይችላል። እንግዲህ የሠለጠነ አገር ሰውም ይረሳል። ሠሪዎቹ የሚሰጡት ትእዛዝ አጭር ነው፦ ሳትነሣ ዝጋ፣ መቆለፊያው መያዙን በእጅህ ሞክር።

ወደ አገራችን መንገድ እንመለስ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ከታች ሙቀቱ ያጥወለውላል። ያን ጊዜ ረዳቱ የጣሪያውን መስኮት ይከፍታል። የጎኑን መስኮት ቢከፍት «ብርድ ይመታኛል» የሚል ሰው ስለማይጠፋ ነው። በበረሃው መንገድ መኪናው ቀስ ስለሚል ክዳኑ ችግር አያመጣም። ድልድዩን ተሻግሮ ዳገቱ አልቆ ደጀን ሲደረስ ግን መንገዱ ሜዳ ይሆናል። ሾፌሩም ይፈጥናል። የከፈተውን መስኮት ማን አስታወሰ? ክዳኑ ወደ ሾፌሩ በኩል አፉን ከፍቶ ከሆነ ነፋሱን እንደ አቁማዳ ይቀበላል። አንዳንዱ ክዳን በጥቂቱ ተከፍቶ እንዲሄድ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ እሱም ቢሆን ማጠፊያው ያልላላ፣ መቆለፊያው ያልተሰበረ መሆን አለበት።

አየር ማግኘትማ ያስፈልጋል። ሰው በሞላበትና በሚያስልበት አውቶቡስ ውስጥ ሁሉን ዘግቶ መሄድ የሳንባ ነቀርሳን ለመሰለ በሽታ ይመቻል። የጎን መስኮት ጥቂት መክፈት ይሻላል። እጅና ራስን ግን ወደ ውጭ ማውጣት አይገባም።

ከመስኮቱ በላይ ፖርቶ መጋላው አለ። በዚያ ላይ የሚጫነው ፍራሽ፣ ጆንያ፣ ጀሪካን፣ አንዳንዴም በግ ነው። ሰው የሚፈራው ከባዱን ዕቃ ነው። ነፋስ ግን የሚወደው ቀላሉን ነው። «ፍራሽ ምን ይከብዳል? ዝም ብለህ ጣለው» ይባላል። ፍራሽ ሰፊ ስለሆነ ፊቱ ብድግ ካለ ነፋሱ ከ50 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ሊገፋው ይችላል። በአንድ ሲባጎ የታሰረ ፍራሽ ይህን አይችልም። ገመዱ ከፊት ወደ ኋላም፣ ከጎን ወደ ጎንም ማለፍ አለበት። የሸራው ጠርዝ ሳይውለበለብ መታሰር አለበት። ጥቂት ከተሄደ በኋላም ቆሞ እንደገና ማጥበቅ ነው፤ ጭነት ሲንገጫገጭ ስለሚሰክን ገመዱ ይላላል። ጭነቱ ከፍ ማለቱም ሌላ ጣጣ ነው። በአህያ ላይ ከፍ ብሎ የተጫነ ጭነት ገደላ ገደል ላይ ወዴት እንደሚያዘነብል እናንተ ታውቃላችሁ።

በጭነት ላይ ስለሚሳፈር ሰው ብዙ መናገር አያሻም። የዛፍ ቅርንጫፍ አለ፣ የረገበ የመብራት ሽቦ አለ። ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ መኪናው ይቆማል፤ ላይ ያለው ሰው ግን በነበረበት ፍጥነት ወደ ፊት ይሄዳል። መኪናው እየሄደ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ረዳትም የሰው ልጅ ነው። እሱን «ጎበዝ!» ማለት ይቅር።

በመናኸሪያ መኪናው ሳይነሣ አንድ ሰው «ልጄ፣ የላዩ መስኮት ተቆልፏል ወይ? የእኔስ ፍራሽ በደንብ ታስሯል?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለውም። «ባላገር ስለ መኪና ምን ያውቃል!» የሚል አይጠፋም። ባላገር የነፋስን ነገር ከከተሜ ይበልጥ ያውቃል። ጣሪያ ክዳኖ ያደገ ሰው ነው።

በመንገድ ላይ ክዳኑ መንኳኳት ወይም ብድግ ብድግ ማለት ቢጀምር ተነሥቶ በእጅ ለመያዝ መሞከር አይገባም። ክዳኑ ሲነቀል እጅን ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ የቆመ ሰውም በፍሬን ይወድቃል። ለሾፌሩ መንገር ነው። ሾፌሩ ፍሬኑን በድንገት ሳይረግጥ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ይቀንስና ከመንገዱ ዳር ይቆማል። መኪናው ከቆመ በኋላ ይዘጋል። መቆለፊያው ተሰብሮ ከሆነ እስከ ቅርቡ ከተማ በቀስታ መሄድ፣ እዚያም ጋራዥ ገብቶ ማሠራት ነው።