ጓሯችን የመጣችው ጉጉት ማን ናት?

ባለፈው የካቲት አንድ ሌሊት፣ እዚህ ከዋሽንግተን ዲሲ ማዶ ቨርጂኒያ ውስጥ በምንኖርበት ቤት፣ አማቴ ከመኝታቸው ተነስተው በሬን አንኳኩ።

«ልጄ፣ ሰማህ? ጉጉት ናት። ይህን ዛፍ ነገ ዛሬ ሳትል አስቆርጠው» አሉኝ።

የአማቴ ጭንቀት ያለ ምክንያት አልነበረም። ጎንደር ያሉት ታናሽ ወንድማቸው በጠና ታመው ነበር። አገር ቤት ደግሞ ጉጉት በቤት አጠገብ ከጮኸች የሞት መርዶ ይዛ መጣች ይባላል። እናቴም ድምፅዋን ስትሰማ ታማትብ ነበር። ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የጥንት ሮማውያንም ጉጉትን በክፉ ምልክትነት ይፈሯት ነበር። የአቴና ግሪኮች ግን የጥበብ አምላካቸው ወፍ ናት ብለው በገንዘባቸው ላይ ቀርጸዋታል።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በጋዜጣ አዘጋጅነት ነው። በመንግሥት ጋዜጣ ላይ «የዜናው ምንጭ ማነው?» ብሎ መጠየቅ የሚያስቀጣበት ጊዜ ነበርና፣ እዚህ እንኳ እንደ ልቤ ልጠይቅ አልኩ። ዛፉን ከማስቆረጤ በፊት ጯሂዋ ማን እንደሆነች ማጣራት ጀመርኩ።

ውድ አንባቢያን፣ በምሥራቅ አሜሪካ የምትኖሩ ከሆነ በጓሯችሁ ልትሰሟቸው የምትችሉት በዋናነት አራት ዓይነት ጉጉቶች ናቸው። በጨለማ ከማየት መስማት ይቀላልና በጆሮ እንጀምር።

«ባርድ አውል» የምትባለው ስምንት ድምፅ በሁለት ሐረግ ከፍላ ትጮኻለች፤ «ሁ ሁ ሁ-ሁ፣ ሁ ሁ ሁ-ሁኣ»። አሜሪካኖቹ ይህን እንደ ጥያቄ ይሰሙታል። «የሚያበስልልህ ማነው? ለእናንተስ የሚያበስልላችሁ ማነው?» ትላለች ይላሉ። አንዳንዴ በቀንም ትጮኻለች። «ግሬት ሆርንድ አውል» ድምፅዋ ወፍራምና ዝግ ያለ ነው፤ አራት ወይም አምስት ጊዜ «ሁ» ብላ ታቆማለች። ትንሿ «ስክሪች አውል» እንደ ሌሎቹ «ሁ ሁ» አትልም። ድምፅዋ እንደ ውርንጭላ ማሽካካት እየተንቀጠቀጠ ይወርዳል። «ባርን አውል» ደግሞ እንደሚጮህ ሰው ሻካራና ረዥም ጩኸት ታሰማለች፤ ሌሊት ለማያውቃት ሰው ከሁሉም የምታስደነግጠው እሷ ናት።

ቀጥሎ ዓይን ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ዛፉን ተመልከቱ። በራሷ ላይ እንደ ቀንድ የቆመ ላባ ያላት፣ ዓይኗ ቢጫ፣ ሰውነቷ ግዙፍ ከሆነች ግሬት ሆርንድ ናት። ቀንድ መሳይ ላባ ኖሯት ቁመቷ ከስንዝር እምብዛም የማይበልጥ ከሆነ ስክሪች ናት፤ እሷ ግራጫም ቀይም ትሆናለች። ፊቷ ነጭና የልብ ቅርጽ ያለው ባርን አውል ናት። ቀንድ የሌላት፣ ራሷ ክብ፣ ዓይኗ ጥቁር፣ ሆዷ ላይ ቡናማ መስመር የወረደባት ባርድ አውል ናት።

ሦስተኛው ምልክት መሬት ላይ ነው። ጉጉት የዋጠችውን አይጥ አጥንትና ጸጉር ጠቅልላ መልሳ ትተፋዋለች። ከዛፉ ሥር እንዲህ ያለ ድብልብል ካገኛችሁ ማደሪያዋ እዚያው ነው። ስልክ ያለው ሰው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፎች ጥናት ተቋም ያዘጋጀውን «መርሊን» የተባለ ነጻ ፕሮግራም ቢጭን፣ ድምፁን ሰምቶ ስሟን ይነግረዋል። ባትሪ ዓይኗ ላይ ማብራት ግን ነውር ነው።

የእኛዋ ባርድ አውል ሆና ተገኘች። ኢትዮጵያ ደን ውስጥም ዓይነ ጥቁር ዘመድ አላት። በክረምቱ ማብቂያ የምትጮኸው የመራቢያዋ ወቅት ስለሆነ ነው፤ ወንዱና ሴቷ እየተቀባበሉ ይጠራራሉ። ለአማቴ ይህን ስነግራቸው «እሺ፣ ታዲያ ለምን እኛ ቤት?» አሉኝ። መልሱ አሳቀን። አማቴ በየማለዳው ለወፎች የእንጀራ ፍርፋሪ ይበትናሉ። ፍርፋሪው አይጥ ጠራ፣ አይጡ ጉጉት ጠራ።

ሳቄ ግን ጋራዥ ስገባ ጠፋ። አይጦቹን ለማጥፋት መርዝ ያስቀመጥኩት እኔው ራሴ ነበርኩ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ይህ መርዝ አይጥን ወዲያው አይገድልም። አይጡ መርዙን በሆዱ ይዞ ለቀናት ሲንገዳገድ ጉጉት ትበላዋለች። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ካለው መካነ አራዊት ያመለጠው ፍላኮ የተባለ ጉጉት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ከሕንፃ ጋር ተጋጭቶ ሲሞት ሬሳው ተመርምሮ ነበር። ከእርግብ የያዘው ቫይረስና አራት ዓይነት የአይጥ መርዝ ተገኘበት። ካሊፎርኒያ እንዲህ ካሉት መርዞች ብርቱዎቹን ከ2021 ጀምሮ በአብዛኛው ከልክላለች።

እንግዲህ ሞት ይዛ መጣች ስንላት፣ ሞቱን ጋራዥ ውስጥ አስቀምጠን የጠበቅናት እኛ ነበርን ማለት ነው። መርዙን ካውንቲው አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበልበት ቦታ ወሰድኩ። በምትኩ ቤት ውስጥ ወጥመድ አኖርኩ፣ ቀዳዳውንም ደፈንኩ። ፍርፋሪውም ቀረ።

የአማቴ ወንድም ከሦስት ሳምንት በኋላ አረፉ። ለቅሶ የደረሱ አንዲት እናት የጉጉቷን ነገር ሰምተው «አይ፣ ተናግራ ነበራ!» አሉ። እኔ ዝም አልኩ። የመለሱላቸው አማቴ ናቸው።

«ወንድሜ የታመመው እሷ ሳትመጣ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ነው። እሷ የጠራችው ባሏን ነው» አሏቸው።

ዛፉ አልተቆረጠም። ቸር ወሬ ያሰማን።