ንብ የሸሸው ጓሮ ፍሬ አያገኝም

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ መስኩ በአደይ አበባና በመጭ ቢጫ ይለብሳል። በብዙ የደጋና የወይና ደጋ አካባቢዎች በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር የሚሠራው ከዚህ አበባ ነው። ይሁን እንጂ አበባ በሚበዛበት በዚሁ ወቅት በማሳና በጓሮ ኬሚካል ይረጫል። አንዱ ለጎመኑ ብሎ የረጨው መድኃኒት የጎረቤቱን ቀፎ ባዶ ሊያስቀር ይችላል።

ጉዳቱ በንብ አናቢው ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም። ዱባ ወንዴና ሴቴ አበባው የተለያየ በመሆኑ የአበባውን ዱቄት የሚያደርስለት ንብ ወይም ሌላ ነፍሳት ካላገኘ ጨቅላ ፍሬው ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ኑግም በራሱ ዱቄት የማፍራት ዐቅሙ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ያለ ንብ ምርቱ ይቀንሳል።

ፀረ ተባይ ኬሚካል ወዳጅና ጠላት አይለይም። ክሽክሽን እየበሉ አትክልቱን የሚጠብቁት ባለ ነጠብጣብ ጥንዚዛዎች ከተባዩ ጋር አብረው ያልቃሉ። ክሽክሽ ደግሞ በፍጥነት ስለሚራባ፣ የሚበላው ሲጠፋ መልሶ ይበረታል፤ አልሚውም ደጋግሞ ለመርጨት ይገደዳል።

ስለዚህ ተባዩ ገና ጥቂት ሳለ በእጅ መልቀም፣ በውኃ ማጠብ ወይም የተጠቃውን ቅጠል ቆርጦ ማስወገድ ይቀድማል። መርጨት ግድ ከሆነ ያበበ ተክል ላይ አለመርጨት፣ ነፋስ የሌለበትን ጊዜ መምረጥና ንቦች ወደ ቀፏቸው እስኪገቡ አመሻሹን መጠበቅ ያስፈልጋል። ንብ አናቢው ቀፎውን እንዲከላከል ቀደም ብሎ ለጎረቤት መንገርም ተገቢ ነው። የመርጫውን ዕቃ በወንዝ ወይም በምንጭ ዳር ማጠብ፣ የኬሚካሉን ዕቃም ለውኃና ለምግብ መያዣ ማዋል አደገኛ ነው።

ከጥንቃቄው ጎን ለጎን ለንቦች ቀለብ ማዘጋጀት ይቻላል። በአጥር ዳር የሚተከል ግራዋ በበጋ ስለሚያብብ የመስኩ አበባ ካለፈ በኋላ ይደርስላቸዋል፤ ዋንዛና ብሳናም ንብ የሚወዳቸው ዛፎች ናቸው። ሰፊ ቦታ የሌለው የከተማ ነዋሪ በሶብላና የጥብስ ቅጠል ተክሎ እንዲያብቡ መተው ይችላል። ጠጠር በተደረገበት ዝርግ ዕቃ ውኃ ቢቀመጥላቸው ሳይሰምጡ ይጠጣሉ።

ንብ በአጥር አይታገድም፤ የአንዱ ጓሮ ጥንቃቄም ሆነ ጥፋት የሰፈሩ ሁሉ ነው።