ባለ ሁለት መቀነቱ የቀይ ባሕር ዓሣና ማደሪያው

በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ኮራሎች መካከል ርዝመቱ ከ14 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ዓሣ ይኖራል። መልኩ ከብርቱካናማ ቢጫ እስከ ቡናማ ሲሆን፣ በሁለት ነጭ መቀነት የታጠቀ ይመስላል። ሳይንሳዊ ስሙ አምፊፕሪዮን ቢሲንክተስ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1830 የሰጠው ኤድዋርድ ሩፐል፣ ኋላ የአገራችንን ጭላዳ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ተመራማሪ ነው።

1. አኗኗሩ

የዓሣው ማደሪያ አኒሞን የተባለ፣ ከድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖርና አበባ የሚመስል እንስሳ ነው። የአኒሞን ክንዶች ይናደፋሉ፤ ዓሣውን ግን ገላውን የሸፈነው ዝልግልግ ፈሳሽ ይጠብቀዋል። ስለሆነም ጠላት ሲመጣበት በክንዶቹ መካከል ይሸሸጋል።

ዓሣውም በበኩሉ አኒሞን የሚበሉ ሌሎች ዓሦችን ያባርራል። ከገላው የሚወጣው አሞኒያ በአኒሞኑ ውስጥ ለሚኖሩ ደቂቅ ዋቅላሚዎች ማዳበሪያ ይሆናል፤ ዋቅላሚዎቹም በፀሐይ ብርሃን ያዘጋጁትን ምግብ ለአኒሞኑ ያካፍላሉ። ይህም የከብት ፍግ ማሳን እንደሚያለማ ያለ ነው።

2. አረባቡ

በአንድ ማደሪያ ከሚኖሩት ትልቋ ሴቷ ናት፤ በመጠን የሚከተላት ወንዱ ነው። ሴቷ ከሞተች ወይም ከተጠመደች ወንዱ ወደ ሴትነት ይለወጣል፤ ከትንንሾቹም አንዱ አድጎ የወንዱን ቦታ ይይዛል። እንቁላሉ የሚጣለው በአኒሞኑ ሥር ባለ ድንጋይ ላይ ሲሆን፣ ወንዱ በክንፉ ውኃ እያራገበ አንድ ሳምንት ያህል ይጠብቀዋል። ስለዚህ ትልልቆቹን እየመረጡ ማጥመድ ርቢውን ያቋርጣል።

3. የሚደርስበት ጉዳት

ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ዋቅላሚዎቹ ከአኒሞኑ ይወጣሉ፤ አኒሞኑ ይነጣል፤ ሙቀቱ ከቆየም ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2023 በመካከለኛው ቀይ ባሕር በደረሰው ከፍተኛ ሙቀት፣ ጥናት በተካሄደባቸው ቦታዎች አብዛኞቹ ዓሦች ከማደሪያቸው ጋር አልቀዋል።

4. ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ሀ. አኒሞንን ከድንጋይ አለመንቀል፤ በላዩም መልሕቅ አለመጣል።

ለ. ሙቀት ካለፈ በኋላ የተረፉትን ዓሦች አለማጥመድ። ገበሬ በክፉ ዘመን የዘር እህሉን እንደማይበላ ሁሉ፣ እነዚህም ለዘር የተረፉ ናቸው።

ሐ. ለመስተዋት ገንዳ ዓሣ የሚገዛ ሰው በእርባታ የተፈለፈለውን መምረጥ ይገባዋል፤ የዚህ ወገን ዓሦች በገንዳ ውስጥ ይራባሉና።

በጠቅላላው፣ ማደሪያው ካልተጠበቀ ዓሣውን ብቻ መጠበቅ ፋይዳ አይኖረውም።