ድሬዳዋን የወለደው ሐዲድ

ከተማ ሐዲድን ይስባል እንጂ ሐዲድ ከተማን አይወልድም የሚል ሰው ቢኖር፣ ድሬዳዋ ሕያው ምስክር ሆና ታስተባብለዋለች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡርን ሥራ በውል በፈቀዱለት ጊዜ፣ መስመሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ጥንታዊቱ ሐረር እንዲዘልቅ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ዳገቱ ለሐዲድ የማይመች፣ ወጪውም እጅግ የከበደ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ባቡሩ ተራራውን ሳይወጣ በግርጌው በቆላው ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. በደረሰበት በዚያው አሸዋማ ሥፍራም ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ከዚያም ጉዞው ቀጥሎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ የመስመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ሆነ።

ዛሬ ወደ አሮጌው የድሬዳዋ ጣቢያ የሚቀርብ መንገደኛ የባቡሩን ስም በግንቡ ላይ በአማርኛና በፈረንሳይኛ ተጽፎ ያነባል፤ ዘልቆም ቢገባ፣ ጕዞአቸውን የፈጸሙ ፉርጎዎችና ባቡሮች በግቢው ቆመው ያያል። የመለዋወጫ ዕቃ ከገበያ በጠፋ ጊዜ፣ የጎደለውን ብረት ቀርጸውና አስተካክለው ባቡሩን ያስጓዙት የዚሁ ግቢ ባለሙያዎች ነበሩ።

ይሁን እንጂ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ድልድዮች ፈርሰው፣ የጭነት መኪናም ገበያውን ተሻምቶት፣ የአሮጌው መስመር ጉልበት እየደከመ ሄደ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም ወራሹ ቢሆን እንኳ መጠጊያው ሊሆን አልቻለም፤ የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር፣ የአዲሱ ግን 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲም ሜትር ነውና፣ የቀድሞው ባቡር በአዲሱ መንገድ አንዲት ስንዝር መራመድ አይችልም። ስለዚህ አሮጌው ሐዲድ ከተነቀለ፣ ባቡሩ የሚሄድበት ሌላ ምድር የለውም።

ከሐዲዱም ይልቅ የሚያሳስበው ጥበበ እዱ ነው፤ ብረት ቢዝግ ይወለወላል፣ የአረጋዊው ሠራተኛ እውቀት ግን ተማሪ ካላገኘ ከባለቤቱ ጋር መቃብር ይወርዳል። ስለሆነም ግቢው ቤተ መዘክር ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤትም ቢሆን፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሐዲድም ተጠግኖ አንዱ ባቡር እንኳ ቢንቀሳቀስ፣ ጥበቡ ከነነፍሱ ይሰነብታል። በአገራችን ወግ ልጅ ለወላጁ ጧሪም ቀባሪም ነው፤ ዳሩ ግን መጦር ከመቅበር ይቀድማልና፣ ድሬዳዋ ይህን ቅደም ተከተል ባትስት መልካም ነው።