ጀርባውን ለካሜራ የሰጠ ሰው

ፍኖተ ሰላምም ይሁን ቡሬ፣ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተፋፍጎ የካራቴ ፊልም ላየ ሰው ጄት ሊን ማስተዋወቅ ድካም ነው። አክተሩ እሱ ነበር፤ አክተሩ ደግሞ አይሞትም። የዛሬው እንግዳችን ሌላ ነው። እሱንም አይታችሁታል፤ ፊቱን ግን ልብ አላላችሁትም ብዬ እገምታለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ቻይና» የሚያልቀው መጋዘን ውስጥ ነው። ጄት ሊ ሐኪሙንና የኩንግ ፉ መምህሩን ዎንግ ፌይ ሁንግን ሆኖ ከተቀናቃኙ ጋር በቀርከሃ መሰላሎች ላይ ይፋለማል። መሰላሉ ይቆማል፣ ይዘማል፣ በአየር ላይ ይሽከረከራል፤ ሁለቱ ሰዎች መሬት ሳይረግጡ ይራገጣሉ። ችግሩ፣ ፊልሙ እየተቀረጸ ሳለ ጄት ሊ እግሩን ተጎዳ። ዳይሬክተሩ ጹይ ሃርክ ግን ሥራውን አላቆመም። ያንኑ ልብስ የለበሱ፣ ያንኑ ረጅም ሹሩባ በጀርባቸው የጣሉ ተተኪዎች ገቡ። ከእነሱ አንዱ ሁንግ ያን ያን ነው፤ በማንዳሪን ሥዮንግ ሺንሺን ይሉታል።

ጄት ሊና ሁንግ ያደጉበት ሙያ አንድ ነው። ጄት ሊ በቤጂንግ የዉሹ (የቻይና ማርሻል አርት) ቡድን አድጎ፣ ገና ልጅ ሳለ የቻይና አጠቃላይ ሻምፒዮን ሆነ፤ ክብሩንም ደጋግሞ አገኘው። በ1974 ከቡድኑ ጋር አሜሪካ ሄዶ በፕሬዚዳንት ኒክሰን ፊት ትርኢት ሲያሳይ የ11 ዓመት ልጅ ነበር። ሁንግ ደግሞ የደቡቡ የጓንግሺ ቡድን ልጅ ነው።

የሠለጠኑበት ውድድር ግን ሰው የሚደባደብበት እንዳይመስላችሁ። ታኦሉ ይባላል። ተወዳዳሪው ርዝመቱ 14፣ ስፋቱ 8 ሜትር በሆነ ምንጣፍ ላይ ብቻውን ይወጣል፤ ይዘላል፣ ይዞራል፣ ሰይፍ ወይም ጦር ያሽከረክራል። ዳኞች ከ10 ነጥብ ይሰጡታል። ባላጋራ የሚባል የለም። በእኛ ሠርግ ላይ ፎካሪው ዱላውን ነቅንቆ ዘሎ ሲወርድ የሚመታው ሰው የለም፤ ዳስ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ግን ጠላቱን ያየዋል። ታኦሉም እንደዚያው ነው።

ሲኒማ እነዚህን ልጆች የወደዳቸው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የቦክስ ወይም የኪክቦክሲንግ ተፋላሚ ምቱን መደበቅ አለበት፤ ትከሻው ቀድሞ ከተናገረ ባላጋራው ይነቃበታል። የፊልም ተፋላሚ በተቃራኒው ምቱ ገና ሲነሳ ለተመልካች መታየት አለበት፤ ከዚያም ቡጢው ከፊት በስንዝር ርቆ ማለፍ ይኖርበታል። ቀሪው የተመቺው ሥራ ነው፤ አንገቱን ካልሰበረ፣ ካልተንገዳገደ ትዕይንቱ ውሸት መሆኑ ይታወቃል። እርግጥ ከእውነተኛ ፍልሚያ መጥተው የተዋጣላቸውም አሉ። የኪክቦክሲንጉ ሻምፒዮን ቤኒ ኡርኪዴዝ በ1984 «ዊልስ ኦን ሚልስ» ላይ ከጃኪ ቻን ጋር ሲጋጠም፣ ዞሮ የሰነዘረው እርግጫ ነፋሱ ብቻ የበሩ ሻማዎችን ያጠፋል።

የመሰላሉን ትዕይንት ቀስ አድርጋችሁ ብታዩት አሠራሩ ይገባችኋል። ቀረብ ያለው ምስል ላይ የኮከቡ ፊት ይታያል፤ ካሜራው ራቅ ሲል ወይም ሰውየው ሲዞር ተተኪው ይገባል። ከልብሱ ሥር ጠንካራ መታጠቂያ አለ፤ ከእሱ ጋር የተያያዘውን ቀጭን የብረት ገመድ ከካሜራው ውጭ የቆሙ ሰዎች በጉልበታቸው ይስቡታል። አንዱ ግማሽ ሰከንድ ከዘገየ የተንጠለጠለው ሰው ከምሰሶ ጋር ይላተማል።

ሁንግ በ1993 በሦስተኛው ክፍል ፊቱን እያሳየ ተወነ። ያገኘው ሚና ያስገርማል፤ እግሩ ለተጎዳ ኮከብ የተተካው ሰው፣ በእርግጫው የሚፈራ፣ ኋላ ግን እግሩ ተሰብሮ አለቃው የጣለውን ሎሌ ሆኖ ተወነ። ዎንግ ፌይ ሁንግ ያክመዋል፤ እሱም ደቀ መዝሙሩ ይሆናል። በቀጣዮቹ ክፍሎች ዋናው ተዋናይ ተቀይሮ እንኳ ሁንግ ቀረ። በ1995 ጹይ ሃርክ በ«ዘ ብሌድ» ንቅሳታሙን ክፉ ሰው አደረገው። በ1997 ደግሞ በ«ደብል ቲም» የሆቴል ክፍል ውስጥ ከቫን ዳም ጋር ሲፋለም ጩቤ በእግር ጣቱ ይይዛል።

በ2001 ሆሊውድ «ዘ መስኬቲር» ለተባለ ፊልም ፍልሚያውን እንዲያቀናጅ ቀጠረው። በፈረንሳይ ጎራዴኞች ታሪክ ውስጥ ሁንግ መሰላሎቹን መልሶ አመጣቸው። ፊልሙ ከዚያ ትዕይንት ውጭ ብዙም የሚያወላዳ አይደለም። በ2009 ራሱ ዳይሬክተር ሆኖ በሠራው «ኮዌብ» መሪውን ሚና ለዉሹ ተወዳዳሪዋ ለጂያንግ ሉሺያ ሰጠ።

የሆንግ ኮንግ የፊልም ሽልማት ለፍልሚያ ቅንብር ሽልማት መስጠት የጀመረው ገና በ1980ዎቹ ነው፤ የመሰላሉም ፊልም ተሸልሞበታል። ተቀባዮቹ ግን አቀናባሪዎቹ እንጂ በገመድ የተንጠለጠሉት አይደሉም። ኦስካር የስታንት (የአደገኛ ትርኢት) ዘርፍ እንደሚከፍት ያስታወቀው በ2025 ሲሆን የሚጀምረው በ2027 ከሚወጡ ፊልሞች ነው። እዚያም የሚሸለመው የስታንት ቅንብር ነው።